የእትዬ ሄስተር ውሃ

አቬሮ፣ ፖርቱጋል
ኦክቶበር 2 ቀን 1987

ለወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ለምወድህ ለዴክስተር፤

ጤናህ እንዴት ነው? ትምህርትህስ? ያ የተማሪዎች ማኅበር ቤታችንስ ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ይህን ሁሉ ዘመን ስለተሸከመኝ አልፈርድበትም። አምላክ እናንተን ጎረምሶቹን ይጠብቅ፣ የምታበስልላችሁን የወይዘሮ ፐርልንም እጅ ይባርክ። እሷ ባትኖር ግማሻችሁ በረሃብ፣ ግማሻችሁ በቆሻሻ ታልቁ ነበር።

የእትዬ ሄስተር ሾፌር ሆነህ መመረጥህን አያትህ አንሰል ጻፈልኝ። እሰይ የኔ ልጅ! ወረቀቱ ላይ እንባ ጠብ ብሎበታል፤ እሱ ግን ሾርባ ነው ይላል። ቁልፏን መጀመሪያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ እሱ ነው፤ ቀጥሎ ነፍሱን ይማረውና አባትህ፤ አሁን ደግሞ አንተ። ከተማው አርጅታለች ብሎ የጣላትን ይህችን የእሳት አደጋ መኪና አንሰልና ጓደኞቹ ገዝተው ወደ ኮረብታው ቤት ሲያወጧት እኔ ገና አዲስ ገቢ ነበርኩ። ደወሏን በኮምጣጤና በዱቄት ስፈትግ የዋልኩት ዛሬም ጣቴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ወጉን ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ሽማግሌ ነኝና ልድገመው። እትዬ ሄስተር የብርድ መከላከያ ኬሚካል አትጠጣም፣ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው። የማኅበሩን ሙሽሮች ከቤተ ክርስቲያን የምታወጣ እሷ ናት፤ ሙታኖቻችንንም ጀርባዋ ላይ አድርጋ ወደ መቃብር የምትሸኝ እሷ ናት። ስትሄድ በገዛ ሞተሯ ነው፤ በገመድ ተጎትታ አታውቅም። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ታስተኟታላችሁ። በዚያ ቀን በከተማው ከተገኙት አባላት በዕድሜ ትልቁ ከሥሯ ተንጋሎ የውሃ መውረጃ ቧንቧዋን ይከፍታል፣ ውሃዋ ወርዶ እስኪያልቅ እናንተ ትዘፍናላችሁ፣ ከውሃው አንድ ጠርሙስ ተቀድቶ እስከ መቀስቀሻዋ ቀን ይቀመጣል። አባትህ ሾፌር ሳለ ባስተኟት ማግስት ይጽፍልኝ ነበር፤ አንተም አትርሳኝ።

በሜይ ለነባር አባላት በዓል እመጣለሁ። እኔና አንሰል ከኋላ፣ አንተ መሪው ላይ። ምን ይጎድለናል?

አጎትህ ሩፉስ


ኬንድሪክ፣ ዊስኮንሲን
ኖቬምበር 1 ቀን 1987

ለተከበሩ አጎቴ ለሩፉስ፤

ሰላምታዬ ከነጉልበትዎ ይድረስዎ። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል፤ ወይዘሮ ፐርልም ለደብዳቤው አመስግናለች፣ «ቆሻሻ ያላት ማንን ነው?» ብላለች።

አጎቴ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጭ ብለው ያንብቡ።

አባባ አንሰል ሆስፒታል ገብተዋል። ልባቸው ደክሟል፣ እግራቸውም አብጧል። ሐኪሙ መጀመሪያ አርብ ይወጣሉ ብሎን ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከሰሜን ዞረ። ጎርዲ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን ያሻሻል፤ ጎርዲ የዘንድሮ የቤታችን ሊቀ መንበር ነው፣ አፉ የማያርፍ።

«ዴክስ፣ ዛሬውኑ ክፈተውና ይለቅ። ይሄ ብርድ ቀልድ አያውቅም» አለኝ።

«አባባ ሳይኖሩ? አብደሃል እንዴ?»

«ቧንቧ ነው እኮ ወንድሜ፣ ቁርባን አይደለም!»

«እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የከፈቱትን እኔ ልክፈተው? አርብ ይመጣሉ። በተሽከርካሪ ወንበርም ቢሆን እናመጣቸዋለን።»

«ብርዱ እስከ አርብ ይጠብቃል ብሎሃል?»

ሁላችንም ሳሎን ተሰብስበን ድምፅ ሰጠን። እጅ ሁሉ ከኔ ጋር ወጣ፤ በመጨረሻ የጎርዲም። ክብር መስሎን ነው አጎቴ፣ እግዜር ያውቃል። ወይዘሮ ፐርል የአልጋ ልብሷን አወጣችልን፣ እትዬ ሄስተርን እንደ አራስ ሸፋፈንናት፣ ከሥሯም ፋኖስ አስቀመጥን። ጠዋት ስንገባ ፋኖሱ ጠፍቷል። ሞተሯ በጎኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ በረዶው በስንጥቁ ብቅ ብሏል። ጎርዲ «ነግሬህ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ አያውቁም። አርብም አልወጡም፣ መቼ እንደሚወጡም የሚናገር የለም። «አስተኛችኋት?» ሲሉኝ «ተኝታለች» አልኳቸው። አባቴን ተሸክማ የሄደች ቀን እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ የዚያን ቀን እጄን ይዘው «እኔን ደግሞ አንተ ትወስደኛለህ» ያሉኝን ዛሬም ይደጋግሙታል። ታዲያ ምን ብዬ ልንገራቸው?

የሚበይድ ሰው አግኝተናል። ከቻሉ ለሱ የሚሆን ይርዱን። ለአባባ ግን አፈር ስሆን እንዳይጽፉላቸው።

ዴክስተር


አቬሮ
ኖቬምበር 16 ቀን 1987

ዴክስተር፤

ጤና ይስጥህ፤ ሰላምታው ይሄው ነው፣ ዛሬ ከዚህ በላይ አይወጣኝም።

ወይ ጉድ! በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! የእሳት አደጋ መኪና፣ ከእሳት ስንት ዘመን የተረፈች፣ በአልጋ ልብስ ተጠቅልላ በብርድ ትሙት? በጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ሁሉ ዘምተው ቤቱ ባዶ ሲሆን እንኳ ያልተሰነጠቀች! ደብዳቤህን ቀድጄ መልሼ በሙጫ አጣበቅኩት። ጎረቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት በር አንኳኳች። «አዎ፣ አክስቴ» አልኳት።

ገንዘቡን ልኬልሃለሁ። ለበያጁ በደንብ ክፈለው። ዋናው ግን እሱ አይደለም። ለአንሰል ዛሬውኑ ንገረው። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ መጥፎ ወሬ ይችላል፣ የማይችለው መታለልን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሳይጠራብህ ቀድመህ ተናገር።

ስለ ጤናው ደግሞ ያልነገርከኝ ካለ ጻፍልኝ። ሐኪሙ ለሜይ ይደርሳል ይላል ወይ? ይህን ጠይቅልኝ።

ሩፉስ


ኬንድሪክ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1988

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ የምጽፈው መልካም ነገር እስኪገኝ ስጠብቅ ነው፣ አልተገኘም።

በያጁ ስንጥቁን ዘጋው። ውሃ ሞልተን ሞተሩን ስናስነሳ እትዬ ሄስተር አንዴ አስነጠሰች፤ ሁላችን እየጮኽን ተቃቀፍን። ወዲያው በሌላው ጎን ጧ! አለች። ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ አዲስ ስንጥቅ አወጣ። ደርሼ ውሃውን አወጣሁ፣ ያን ጊዜ ማንንም አልጠበቅኩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ለአባባ ልነግር ሦስት ጊዜ ሄድኩ። አንዱን ቀን ነርሷ ነበረች፣ አንዱን ቀን ተኝተው ነበር። ሦስተኛው ቀን አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ጠርሙሱን አምጣልኝ» አሉ። «እስክትቀሰቀስ እዚህ መስኮቱ ላይ ትሁንልኝ፣ ሳያት ልደር።»

የምን ጠርሙስ? የዚያን ጠዋት የነበረው በረዶ ብቻ ነው። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎት፦ አሮጌ ምስማር ሰብስቤ በደወል መፈተጊያው ኮምጣጤ ዘፈዘፍኩት፣ ቀለሙ የእሷን ውሃ እንዲመስል ዝገቱን ውሃ ውስጥ በጠበጥኩት፣ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ወሰድኩላቸው። ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት፣ መልሰው ከደኑት። «ተባረክ» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል የከበደኝ የለም።

ወይዘሮ ፐርል ይህን ስትሰማ ማንኪያዋን ወረወረችብኝ። አሁን ቆርጫለሁ፣ በሚመጣው ሳምንት እነግራቸዋለሁ። ስለ ሜይ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። «ሜይ ሩቅ ነው» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

ዴክስተር


አቬሮ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1988

ለምወድህ ለዴክስተር፤

አምላክ ያጽናህ ልጄ። ባለፈው ስለጮኽኩብህ አትቀየመኝ፤ የሽማግሌ ቁጣ የጭድ እሳት ነው።

አሁን የምልህን ስማ፦ አትንገረው። አዎ፣ ንገረው ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን አትንገረው የምለውም እኔው ነኝ። ትናንት ከአንሰል አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ መልሱንም ወዲያው ላክሁ። «ልጁ ጠርሙሷን አመጣልኝ። መስኮቱ ላይ ናት፣ ፀሐይ ሲያልፍባት ደስ ይለኛል» ይላል። ይህን የጻፈ ሰው ላይ እንዴት አድርገህ በሩን ትዘጋበታለህ? ሆድ ይፍጀው። ዝም ብለን እንሸኘው።

አልመጣም ማለቴ አይደለም። የጉዞ ቢሮው ድረስ ሄጄ ነበር። ግን በሜይ በዓሉ አለ፣ ዛፎቹ ያብባሉ፣ ነባሮቹ ሁሉ ይሰበሰባሉ። ልብሴን አሰፍቻለሁ፤ ሰማያዊ ነው፣ የማኅበሩ ቀለም። አሁን በበረዶ ብመጣ አንሰል «ልትቀብረኝ ነው የመጣኸው» ብሎ ይሳደባል። እስከዚያ አበርታው። ሌላ ሞተር ከተገኘም ወጪው በኔ ነው።

አጎትህ ሩፉስ


ኬንድሪክ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1988

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ነገሩ አልቋል።

እሁድ ገና ኮቴን ሳላወልቅ አባባ «ጠርሙሱን አምጣው» አሉኝ። አወረድኩላቸው። ክዳኑን ፈተው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉት።

«ምን ይሸታል?»

«ውሃ...»

«ሰላጣ ነው የሚሸተው! ኮምጣጤ! የእትዬ ሄስተር ውሃ ዘይት ዘይት ይላል፤ ከድሮም ሞተሯ ዘይቱን ወደ ውሃው ያሳልፋል። ዕድሜዬን ሙሉ ፊቴ ላይ ሲፈስ የኖረውን ውሃ ልታስተምረኝ ነው?»

«ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«ካመጣኸው ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«መቼ እንደምትናገር ልይ ብዬ። ለሩፉስም ደስ ብሎኛል ብዬ ጻፍኩለት፤ መልሱ ውስጥ ስለ እሷ አንድም ቃል የለም። ሩፉስና ዝምታ! ያኔ ሁለታችሁም እንደምትዶልቱ ገባኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ንፋሱን፣ ድምፅ መስጠታችንን፣ የአልጋ ልብሱን። አልጋ ልብሱ ላይ ስደርስ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሲያበቃ ነው ቁጣው የመጣው።

«እኔን ስትጠብቁ? ቧንቧ ለመክፈት እኔን ስትጠብቁ?»

«ወጉ ነው ብለን ነው አባባ።»

«የምን ወግ! በመጀመሪያው ዓመት እኔ የከፈትኩት ሌሎቹ መሬት ላይ መንጋለል ተጸይፈው ነው። የዘፈንነው በርዶን ነው! ውሃውን ማውጣት ነው ዴክስተር፣ ውሃውን! ይህን ያህል ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣችሁ ውሃ ሲበርድ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ጠፋ?»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። ግድግዳውን እያዩ ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ስሞት ገመድ እንዳታስሩባት። እኔን ጭናችሁ እሷን እንደ ታመመ በሬ ከምትጎትቷት በትከሻችሁ ውሰዱኝ። ከመውጣቴ በፊት ግን ጋራዧ ውስጥ አስገቡኝ። ቧንቧውን አንተ ትከፍታለህ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት። ዘፈን የለም።»

«አባባ፣ ውስጧ እኮ ምንም የለም።»

«አውቃለሁ። እንዲሰሙት ነው።»

አጎቴ፣ ከቻሉ ሜይን አይጠብቁ። ይምጡ።

ዴክስተር


ኬንድሪክ
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1988

ለተከበሩ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ቴሌግራሙ እንደደረሰዎ አውቃለሁ፤ በረዶው መንገዱንም አውሮፕላኑንም እንደዘጋ ሰምተናል። መልስ ስላጣሁ እንደገና ጻፍኩ።

አባባ እንዳሉት አደረግን። ሳጥኑን ጋራዡ ውስጥ ከእትዬ ሄስተር ጎን አሳረፍነው። የቤቱ ልጆች ሁሉ፣ ከከተማው ነባሮችም መራመድ የቻሉት፣ ሰማያዊ ክራባታቸውን አድርገው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ወይዘሮ ፐርል ከነሽርጧ መጣች፤ «ጥቁር ልብሴ አይበቃኝም፣ እሱም በሽርጥ ነው የሚያውቀኝ» አለች። እኔ ከነሙሉ ልብሴ ከእትዬ ሄስተር ሥር ተንጋለልኩ። ብረቱ ጣቴን ያዘው። እንደ ወጉ የውሃ መቀበያውን ጣሳ ከሥር አድርጌ ቧንቧውን አዞርኩ።

ጠብ ያለ የለም። ሁሉም ያዳምጣል። እኔም ተንጋልዬ የባዶውን ቧንቧ አፍ አያለሁ። በየዓመቱ ያ ውሃ ጣሳው ላይ ሲወርድ እየዘፈንን ጭራሽ ሰምተነው አናውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን አለመውረዱን ሰማነው። ከነባሮቹ አንዱ ከልማድ ዘፈኑን ሊጀምር ሲል ጎርዲ ክንዱን ያዘው። ከዚያ ራሱ ጎርዲ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፣ ያ አፈኛ።

ደወሉን መታን፣ በትከሻችን ተሸክመን ወጣን። ኮረብታውን ስንወርድ በረዶው እስከ ጉልበት ነበር፤ ሁለት ጊዜ አንሸራትቶን ልንጥላቸው ደረስን። እትዬ ሄስተር ደህና ብትሆን ይህ አይደርስም ነበር። አባቴን ስትወስደው አንዴ እንኳ አልተንገጫገጨችም።

ማኅበሩ ሞተሩን ለሌላ ጋራዥ ሰጥቷል፤ ስንጥቁን ሳያሞቁ በብረት ችንካር የሚሰፉ ናቸው፣ እስከ ብርዱ መግቢያ እናደርሳለን ብለዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚበላኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ሳይሉኝ ነው የሄዱት። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው። አንዴ «ውሃ አምጣልኝ» አሉ፣ አንዴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እርስዎ ወንድምዎን ያውቃሉ። ይቅር ብለውኛል?

ዴክስተር


አቬሮ
ኤፕሪል 10 ቀን 1988

ለምወድህ ለዴክስተር፤

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለኮረብታው ቤት፣ ሰላም ከታች በአፈሩ ውስጥ ላለው ለወንድሜ። ይህን ያህል ዝም ማለቴ ተቆጥቼህ አይደለም። ምን ፊት ኖሮኝ እጽፋለሁ?

በኖቬምበር የጉዞ ቢሮው ውስጥ ሰልፉ ላይ ቆሜ ነበር። ተራዬ ሲደርስ «በሜይ ነው የምፈልገው» አልኩ። ጃንዋሪ ላይም እንደዚሁ። ሰማያዊ ልብስ፣ ያበበ ዛፍ፣ የነባሮች በዓል! አንተን በሬ ሆይ ብዬ የሰደብኩህ እኔ፣ በዓል ስጠብቅ ወንድሜን ብርድ ወሰደብኝ። ልብሱ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል። በሩን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ እንድጥለው ጎረቤቴ ትመክረኛለች፣ አልጥለውም።

ይቅር ብለውኛል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። አላውቅም ልጄ፤ ያላለውን ቃል አፉ ውስጥ አልጨምርም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ያን ቧንቧ ለኔ እንኳ አስነክቶኝ አያውቅም። አንድ ዓመት በጉንፋን ተይዞ ሲያቃስት «ዘንድሮ እኔ ልክፈት» ብለው በመፍቻ ሊለኝ ደርሶ ነበር። ለአንተ ሰጠህ። ከዚህ የምትችለውን ያህል ውሰድ።

ሞተሩ ሲደርስ የሚቀጥለው ሾፌር ሌላ ልጅ ይሆናል፤ አንተ ተመርቀህ ትሄዳለህ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ባለበት ጮክ ብለህ አንብብልኝ። አንሰል ሄዷልና ካሉት ነባሮች ትልቁ እኔ ነኝ፤ በወጉ ከሆነ ቧንቧውን የምከፍተው እኔ ነኝ ማለት ነው። በኦክቶበር መጀመሪያ እመጣለሁ፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ፣ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጉልበቴን ይዤም ቢሆን ተንጋልዬ እከፍተዋለሁ፣ እናንተም ከፈለጋችሁ ትዘፍናላችሁ።

ብርዱ ከቀደመኝ ግን እኔን አትጠብቁ።

አጎትህ ሩፉስ